ርካሽ ያገለገለ ፒክአፕ፦ የቱን ልግዛ? ምኑን ላሳድስ? ምኑን ልተው?

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ድንች ይነግዳል። ከደጋው ድንች ጭኖ ጣርማበርን ይወርድና ሸዋ ሮቢት ያራግፋል። ሲመለስ ሽንኩርት ይዞ ይወጣል። እስካሁን ይህን ሁሉ የሚሠራው በሰው መኪና ነበር። ባለፈው ክረምት ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ለፒክአፕ የሚሆን ብር አጠራቅሜያለሁ። ቪጎ የሚሉትን የቶዮታ ሃይሉክስ ልፈልግ ወይስ አሮጌውን ሃይሉክስ?»

«ከብሩ ለማደሻ የለየኸው ስንት ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። ምንም አልለየም ነበር።

ያን ዕለት በስልክ ጀምረን ያልጨረስነውን ነው እዚህ የምጽፈው። እኔ ለዓመታት ከቢሾፍቱ የዶሮ መኖ በፒክአፕ አመላልሻለሁ። ሁለት አሮጌ ፒክአፕ ገዝቼ አድሻለሁ። ብዙ ሰው ምክር ሲፈልግ የሚጠይቀው የመኪናውን ስም ነው። እኔ ግን በርካሽ ፒክአፕ ላይ ስም ሦስተኛ ነው የምለው። አንደኛ ሻንሲው፣ መኪናውን ሁሉ የተሸከመው የሥር ብረት አጽም ነው። ሁለተኛ እናንተ ባላችሁበት ከተማ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው።

«ርካሽ» የሚለውም ቃል ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተሰማ ወዲህ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ዋጋ ከፍ አድርጎ ነው የሚጠራው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ መለዋወጫ ተወደደ። ስለዚህ ያላችሁን ብር አራት እጅ አድርጉት። ሦስቱ ለመግዣ፣ አንዱ ለማደሻ። መኪናው ከ20 ዓመት በላይ ካገለገለ ለማደሻ ሲሶውን አስቀምጡ። በዚህ ስሌት የምትፈልጉት መኪና ካልደረሳችሁ፣ የሚደርሳችሁ ሌላ መኪና ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ሻንሲው

ፒክአፕ ላይ ሞተር ይቀየራል። ካምቢዮ ይቀየራል። ጋቢናም፣ ጭነት የሚያርፍበት ካሶኒም ይቀየራል። ሻንሲ ግን መኪናው ራሱ ነው። ቁጥሩም የተመታው እሱ ላይ ነው። ሁለት ፒክአፕ ቢቀርብላችሁ፣ የአንዱ ሞተር ደክሞ ሻንሲው ንጹሕ ቢሆን፣ የሌላው ሞተር ድምፁ ልስልስ ብሎ ሻንሲው የተበየደ ቢሆን፣ ሳታመነቱ የመጀመሪያውን ውሰዱ። ሞተር በብር ይፈታል። የተጣመመ ሻንሲ ግን በየወሩ ጎማ ይበላል፣ መሪ ይጎትታል፣ መጨረሻ ላይ ጭነት ሲበዛበት ይሰነጠቃል።

ስትሄዱ አሮጌ ልብስ ልበሱ። ትንሽ መዶሻና የእጅ ባትሪ ያዙ። ከሥር ግቡ። የምታዩት ሦስት ቦታ ነው። አንዱ ጋቢናውና ካሶኒው የሚለያዩበት ነው። ከልክ በላይ የጫነ ፒክአፕ የሚጎብጠው እዚያ ላይ ነው። ከጎን ቆማችሁ ክፍተቱን ተመልከቱ፤ ከላይ ሰፍቶ ወይም ጠብቦ ከታች የተለየ ከሆነ ወገቡ ተነክቷል። ሁለተኛው ከኋላ አክስል በላይ ሻንሲው ወደ ላይ የሚታጠፍበት ነው። ጭቃ ተሰብስቦ ውስጥ ለውስጥ የሚበላው እዚያ ነው። ሦስተኛው ባሌስትራው፣ ወገቡን የሚሸከመው የብረት ቅጠል ድርድር፣ የሚታሰርበት ነው። በመዶሻው ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላ ብረት ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው፤ አንዳንዴም ቅርፊቱ ይረግፋል።

ከሥር አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ፒክአፕ ካያችሁ ጠርጥሩ። የሚሸጥ መኪና ፊቱ ቢቀባ ልማድ ነው። ሆዱ የሚቀባው ግን ምክንያት ሲኖር ነው።

አዲስ አበባና አካባቢው ብረት ቶሎ አይዝግም። ግን መኪናው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ከአውሮፓ ያገለገለ ከሆነ በክረምት መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ነክቶታል። ከአፍዴራ ጨው ሲጭን የኖረ ከሆነም እንደዚያው ነው፤ እንዲያውም ካሶኒውን ከፍታችሁ ማየት አለባችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ፒክአፕ ያጋጥማል። ዝናብ መጥረጊያውን አስነሱና አካሄዱን እዩ። ሾፌሩ ፊት ሰፊ ያልተጠረገ ቦታ ትቶ ተሳፋሪው ፊት አጥርቶ የሚጠርግ ከሆነ ጠይቁ። ሥራው በደንብ ከተሠራ ክፉ አይደለም። የተበየደ የመሪ ዘንግ ካያችሁ ግን ትታችሁ ሂዱ።

አሮጌው ሃይሉክስ ወይስ ቪጎ?

የአክስቴ ልጅ ጥያቄ ይህ ስለነበር ከዚህ ልጀምር።

አሮጌው ሃይሉክስ ስንል እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 2004 ድረስ የወጡት ሁለት ትውልዶች ናቸው። ናፍጣዎቹ አብዛኞቹ የኤል ቤተሰብ ሞተር ነው ያላቸው፤ 2ኤል 2.4 ሊትር፣ 3ኤል 2.8 ሊትር፣ 5ኤል 3.0 ሊትር። ኮምፒውተር የለውም። ናፍጣ የሚገፋ ፖምፓ አለ፣ የሚረጭ ኖዝል አለ፣ ሲነሳ የሚያሞቀው ካንዴሌታ አለ፤ በቃ። ከመተማ እስከ ሞያሌ በየትኛውም ከተማ የሚፈታው መካኒክ አታጡም። መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ አዲስም አሮጌም ሞልቷል።

ድካሙ ሁለት ነው። አንደኛ ሙቀት አይወድም። ውኃ ጎድሎ ከተነዳ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይሰነጠቃል። 2ኤል በዚህ ይብሳል። 3ኤልና 5ኤል ይሻላሉ። ሁለተኛ አቅሙ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከፍታ ላይ አየር ያጥረዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ያለው አየር ስስ ስለሆነ ሞተሩ ካለው ጉልበት ሩቡ ገደማ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ደህና የሚሄድ መኪና ሽንኩርት ጭኖ ጣርማበርን ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ ያለቅሳል። አዋሽ፣ መተሐራ፣ ድሬዳዋ ለምትሠሩ ይህ ብዙም አያስጨንቃችሁም። ለደገኛ ግን ዋና ነገር ነው።

ቪጎ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2015 የተሠራው ነው። ብዙው ዲፎርዲ የሚባል በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር አለው፤ 2.5 ወይም 3.0 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ። ዳገት ላይ ልዩነቱ የቀንና የሌሊት ነው። ናፍጣም ይቆጥባል። ጋቢናው ሰፊ ነው፣ ፍሬኑ የተሻለ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ቪጎ አይገዛም? ናፍጣውን በሚረጨው ኢንጀክተር ምክንያት ነው። የዲፎርዲ ናፍጣ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው። የአሮጌው ኖዝል ግፊት ከዚህ ጋር አይወዳደርም። እንዲህ ያለ ዕቃ ቆሻሻና ውኃ ያለበትን ናፍጣ አይችልም። በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ በየገጠሩ የምትቀዱ ከሆነ ኢንጀክተሩ ዕድሜ አይኖረውም። አራቱን መቀየር ደግሞ ሙሉ አሮጌ ሞተር የመግዛት ያህል ሊያስወጣ ይችላል። ሲቀየርም ብዙ ጊዜ የየራሱ ኮድ በኮምፒውተር መግባት አለበት። ይህን የሚሠራ ሰው በየከተማው የለም።

ከዚህ የከፋ አንድ ስውር ችግር አለ። ከኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ስትደክም የሞተሩ ጋዝ እያፈተለከ ዘይቱን ያጠቁረዋል። ጥቀርሻው ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ቋት፣ ኮፓ ውስጥ ገብቶ ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍነዋል። ሞተሩ ዘይት ያጣና ይነክሳል። ባለቤቱ «በድንገት ነው የቆመው» ይላል። ድንገት አይደለም፣ ወራት ፈጅቷል። ስለዚህ ቪጎ ስትገዙ የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። እንደ ሬንጅ የተጋገረ ጥቁር ነገር ካለ ዋጋውን ሳይሆን መኪናውን ተዉት። ንጹሕ ከሆነና ከገዛችሁት ግን ቀለበቶቹን አስቀይሩ፣ ኮፓውን አስወርዱና ወንፊቱን አሳጥቡ። ወጪው ከሞተር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ብያኔዬ ይህ ነው። አስፋልት ላይ የምትሠሩ፣ ናፍጣ ከታወቀ ማደያ የምትቀዱና ትልቅ ከተማ አጠገብ ያላችሁ ቪጎ ፈልጉ። ገጠር ውስጥ የምትውሉ 5ኤል ወይም 3ኤል ይሻላችኋል። በዋጋው የሚያስደስት 2ኤል ካገኛችሁም ቴስታታውን ሳታስፈትሹ ብር አትክፈሉ።

ሁለቱም ቺንጋ አላቸው። የሞተሩን የውስጥ የጎማ ቀበቶ ማለቴ ነው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን የሚያጋጨውን። ለአሮጌው በየ100,000 ኪሎ ሜትር፣ ለዲፎርዲው ከ100,000 እስከ 150,000 ባለው ውስጥ ይቀየራል። ሻጩ «ተቀይሯል» ቢላችሁም በገዛችሁ ሳምንት አስቀይሩት።

ሃይሉክስ ካልሆነስ?

ሃይሉክስ ስትገዙ ለስሙም ትከፍላላችሁ። ስትሸጡት ይመልስላችኋል፣ ያ እውነት ነው። ግን በዚያው ብር ከሌላው ስም አምስት ስድስት ዓመት አዲስ የሆነ፣ ንጹሕ ሻንሲ ያለው ታገኛላችሁ።

አይሱዙ ዲማክስን እኔ በጣም እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የወጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለ 2.5 ሊትር 4ጄኤ1 ሞተር ያላቸው ቀላልና ጠንካራ ናቸው። ናፍጣው በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ስለሚረጭ በብርድ ጠዋት ቶሎ ይነሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልበት ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኤል ሞተር ያለው ሰው አንዲት ካንዴሌታ ስትሞትበት ጠዋት መኪና ሲያስገፋ ታያላችሁ። ኋላ የመጣው 3.0 ሊትሩ 4ጄጄ1 ደግሞ በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት አለው፣ ዳገት ላይም ኃይለኛ ነው፤ ግን እሱም እንደ ዲፎርዲ ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋል። ሌላው ጥቅም የአይሱዙ የጭነት መኪና በአገራችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስላለ የአይሱዙ መካኒክ የሌለበት ከተማ አለመኖሩ ነው። የአካል ዕቃው ግን፣ መብራት፣ ፓራውልት፣ በር፣ ከሃይሉክስ የበለጠ ፍለጋ ይጠይቃል።

ሚትሱቢሺ ኤል200 ምቾቱ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። የ4ዲ56 ሞተሩ 2.5 ሊትር ነው። ይህ ሞተር ሁለት የውስጥ ቺንጋ አለው። ትንሿ ቺንጋ ንዝረት የሚያጠፉትን ዘንጎች ነው የምታዞረው። ብዙ ሰው ትልቁን ቀይሮ ትንሿን ይተዋል። ትንሿ ስትበጠስ ትልቁን ጠልፋ ትጥለዋለች፣ ሞተሩም አብሮ ይሄዳል። ኤል200 የምትገዙ ሁለቱንም በአንድ ቀን አስቀይሩ። ይህን ካደረጋችሁ ለቤተሰብም ለቀላል ጭነትም መልካም መኪና ነው።

ኒሳን ሃርድቦዲ ከቲዲ27 ሞተር ጋር ካገኛችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ። 2.7 ሊትር ነው። የውስጥ ቺንጋ የለውም፣ በጥርስ ነው የሚዞረው። ዝግ ያለ ነው፣ ድምፁ ይከብዳል፣ ግን ትዕግሥት ላለው ሰው አይከዳም። መለዋወጫው እንደ ቶዮታው በየጥጉ አይገኝም። ከመግዛታችሁ በፊት ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የውኃ ፖምፓና የፍሪሲዮን ሸራ ዋጋ ጠይቁ። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ሌላውም አለ። ይህ ጥያቄ ለማንኛውም መኪና ይሠራል፤ የቻይና ፒክአፕ ለምታስቡ በተለይ።

ሞተሩ ከደከመ፦ ማደስ ወይስ መቀየር?

መኪናውን ለማየት ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ እንዳይጠብቃችሁ ንገሩት። ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩት፤ ሞቆ ከሆነ ሌላ ቀን ተመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም። ሲነሳ ነጭ ጭስ አውጥቶ ወዲያው ከጠራ ካንዴሌታ ነው። ካልጠራ የፒስቶኑ ትንፋሽ ደክሟል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ጭስ አየር አጥቶ ወይም ናፍጣ በዝቶበት ነው፤ አንዳንዴ አየር ፊልትሮ በመቀየር ብቻ ይድናል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ ሳታጠብቁት አፉ ላይ አስቀምጡት። እየዘለለ የሚወድቅ ከሆነ የፒስቶኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቋል።

ሞተሩ ከደከመ ሁለት መንገድ አለ። ያለውን ፈትቶ ማደስ፣ ወይም ያገለገለ ሙሉ ሞተር ገዝቶ መጫን። ብዙ መካኒክ ሁለተኛውን ይመክራል፤ በሁለት ቀን ያልቃልና። እኔ ለኤል ሞተር፣ ለ4ጄኤ1ና ለቲዲ27 የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው። ምክንያቱም ያገለገለው ሞተር ከየት እንደመጣ አታውቁም። ታጥቦ ቀለም ተቀብቶ ሱቅ ፊት የቆመ ሞተር ውስጡ ምን እንደሆነ የሚናገር ሰው የለም። የራሳችሁን ስታሳድሱ ግን የሞተር ብረት በማሽን የሚስተካከልበት ሬትፊካ ቤት ቆማችሁ ልኩን ታያላችሁ፣ ፒስቶኑን፣ ፋሻውን፣ ብሮንዙን ራሳችሁ ትገዛላችሁ። የሞተር ቁጥሩም ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ ሆኖ ይቀራል።

ለዲፎርዲ ግን ስሌቱ ይለያል። ሙሉ ዕድሳቱ ኢንጀክተርና ፖምፓ ሲጨመርበት በጣም ይወደዳል። እዚያ ላይ ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ ካገኛችሁ፣ ዋስትናው በጽሑፍ ከሆነ፣ ሞተሩም ከነኢንጀክተሩና ከነፖምፓው ከመጣ፣ መቀየር ያዋጣል። የጉምሩክ ሰነዱን አብራችሁ ተቀበሉ። ያለ ሰነድ የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ማስቀየር አትችሉም፤ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርቡም ሆነ ስትሸጡ ያስቸግራችኋል።

ቱርቦ በሌለው አሮጌ ሞተር ላይ ቱርቦ ልግጠም የሚል ሰው አለ። ተዉት። ሞተሩ ለዚያ ግፊትና ሙቀት አልተሠራም። ቱርቦ ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ባለ ቱርቦ ግዙ።

የማደሻው ብር የት ይግባ?

ቀለም ላይ አይደለም። ፍሬን፣ ማቀዝቀዣ፣ ጎማ። በዚህ ቅደም ተከተል።

ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥታችሁ 1,300 ገደማ ላይ ነው የምታርፉት። አንድ ቶን ይዛችሁ። የዓባይ በረሃም ቢሆን ከዚህ አይተናነስም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ለዓመታት ያልተቀየረ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ውስጡ ያለው ውኃ ይፈላል፤ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። የፍሬን ዘይት መቀየር በዚህ ሁሉ ውስጥ ርካሹ ሥራ ነው። ከፊት ፓዱን፣ ከኋላ ታምቡሩንና የፍሬን ሸራውን አስፈትሹ። የፍሬን ዘይቱ የሚያልፍባቸው የላስቲክ ቱቦዎች ከተሰነጣጠቁ ሁሉንም ቀይሩ።

ማቀዝቀዣው ላይ አንድ መጥፎ ልማድ አለን። ሞተር ሲግል የውኃውን መንገድ በሙቀት ልክ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ተርሞስታት አውጥቶ መጣል። መካኒኩ «አሁን አይግልም» ይላል። በብዙ ሞተር ላይ ተርሞስታቱ ሲወጣ ውኃው ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ መንገድ ይመለሳል። ደጋ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሙቀቱን ሳያገኝ ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ዘይቱ ይወፍራል፣ ፋሻው ቶሎ ይበላል። ስለዚህ አዲስ ተርሞስታት አስገቡ። ራዲያተሩን አስወርዳችሁ አሳጥቡ። የቧንቧ ውኃ ብቻ አትጨምሩ፤ ከዝገት መከላከያው ፈሳሽ ጋር ቀላቅሉ።

ስለ ጎማ ሁለት ነገር ብቻ። ጎኑ ላይ ያለውን አራት አኃዝ አንብቡ። 2319 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ቢያምርም ያረጀ ጎማ ጭነት ላይ ይፈነዳል። ሌላው ደግሞ ትልቅ ጎማ መጫን ነው። 225/75 ባለ 15 የነበረውን 31 በ10.5 ብታደርጉት የጎማው ዙሪያ ዘጠኝ በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቆጣሪው 80 ሲላችሁ እናንተ 87 ላይ ናችሁ። ማርሹም ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ያለውን ጉልበት ይበላል፣ ፍሬንም ያደክማል። ለጭነት ሥራ ፋብሪካው ያዘዘውን ልክ፣ ለጭነት የተሠራውን ባለ ብዙ ክር ጎማ ግዙ።

ባሌስትራ መጨመር

ብዙ ሰው ፒክአፕ እንደገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ሁለተኛውን ፒክአፕ ስገዛ አንድ ጋራዥ ወስጄ ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቅጠል አስጨመርኩ። ቆሞ ሲታይ ያምራል። መኖ ሲጫንበትም አይጎብጥም። ሰኔ ውስጥ በዝናብ ባዶውን ስመለስ ዱከም ላይ ፊቴ ባጃጅ ገባ። ፍሬን ያዝኩ። የፊት ጎማዎቹ ተቆልፈው መኪናው ተንሸራተተ። በእግዚአብሔር ቸርነት ባጃጁን ሳልነካ ቆምኩ።

ምክንያቱን ያወቅኩት ኋላ ነው። ብዙ ፒክአፖች ከኋላ አክስሉ በላይ አንድ ቫልቭ አላቸው፤ በትንሽ ዘንግ ከአክስሉ ጋር የተያያዘ። መኪናው ሲጫን ወገቡ ዝቅ ስለሚል ዘንጓ ቫልቩን ትከፍተዋለች፤ የኋላው ፍሬን ይበረታል። ባዶ ሲሆን ወገቡ ከፍ ይላል፤ የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ ፍሬኑ ይቀንሳል። ባሌስትራ ጨምራችሁ ወገቡን ስታነሱት ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ነው የሚያስበው። በእርግጥ ባዶ ስትሆኑ ከልማዱም በላይ ይቀንሰዋል፤ ዱከም ላይ ሥራው ሁሉ በፊት ጎማዎቼ ላይ የወደቀው ለዚያ ነው። ሙሉ ጭነት ይዛችሁም የኋላ ፍሬናችሁ ከሚገባው በታች ይሠራል። ያ ጋራዥ ዘንጓን አልነካትም። አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ባሌስትራ የምታስጨምሩ ሁሉ «የፍሬኗ ዘንግስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በአዲሱ ከፍታ ልክ መስተካከል አለባት።

ሌላም አለ። ባሌስትራ መጨመር የመኪናውን አቅም አይጨምርም። ሻንሲው፣ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ ያው ናቸው። ወገቡ ስላልጎበጠ ብቻ ጭነቱ ልክ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ከሁለቱ አማራጮች፣ የደከመውን ባሌስትራ በአዲስ መተካት ወይም ቅጠል መጨመር፣ የመጀመሪያው ይሻላል። የግድ መጨመር ካለባችሁ በየጎኑ አንድ ይበቃል።

ከፊት ማንሳትም አለ። አሮጌው ሃይሉክስ፣ ሃርድቦዲና የመጀመሪያው ዲማክስ ብዙዎቹ ከፊት ቶርሽን ባር፣ እየተጠማዘዘ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራ የብረት ዘንግ ነው ያላቸው። ቡሎኑን አጥብቆ ከፍ ማድረግ የአሥር ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ያጓጓል። ግን ፎር ባይ ፎር ከሆነ የፊት አክስል መጋጠሚያዎቹ ከልክ በላይ ታጥፈው ይሠራሉ፤ ላስቲካቸው ይቀደዳል፣ ቅባታቸው ይፈስሳል። ከሁለት ጣት በላይ አታንሱ። ከዚያም ባላንስ አሠሩ።

ካሶኒውን በምን እንሸፍን?

ድንችና ሽንኩርት ለሚጭን ሸራ። በብረት ቅስት ላይ የሚወጠር፣ የሚነሳ። ቀላል ነው፣ አየር ያስገባል፣ ሲቀደድ በመርፌ ይሰፋል። ከላሜራ የተበየደ ቤት ለኤሌክትሮኒክስና ለመድኃኒት ላሉ ዕቃዎች ደህና ነው፤ ይቆለፋል። ግን ክብደቱ ከምትጭኑት ላይ ይቀነሳል፤ ከፍታውም በነፋስና በጥምዝ ላይ ያናውጣል። የካሶኒውን ጎን፣ ስፖንዳውን፣ በብረት ከፍ አድርጎ እስከ ጋቢናው አናት መጫንን በፍጹም አልመክርም። ከላይ የከበደ ፒክአፕ በጥምዝ ላይ አይመለስም።

ከፊት የሚበየድ ከባድ የብረት መከላከያ ለእግረኛ አደገኛ ነው፤ ኤርባግ ያለው መኪና ላይ ደግሞ የግጭቱን አቆጣጠር ያዛባል። ለጉም መብራት ስትጨምሩ በሪሌና በፊውዝ ይሁን። በቀጥታ ከማብሪያው የተጠለፈ ሽቦ ግሎ እሳት ያስነሳል። ቀለሙን ከጊዜ በኋላ ታደርሱበታላችሁ፤ ዝገት የጀመረበትን ብቻ አሁን አስፍቁና አስቀቡ።

ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት

ሊብሬውን ያዙና የሻንሲውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። ሃይሉክስ ላይ ብዙ ጊዜ በቀኝ የፊት ጎማ አካባቢ ሻንሲው ጎን ላይ ነው ያለው። የተፋቀ፣ የተበየደ ወይም አኃዞቹ ያልተስተካከሉ ከሆነ ውል አትፈርሙ። የሞተር ቁጥሩንም አስተያዩ። ቀለሙ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን የሚፈቅድ መሆኑን አንብቡ። ደላላው ቢያጣድፋችሁ «ነገ እመለሳለሁ» በሉት።

የአክስቴ ልጅ ቪጎም አሮጌ ሃይሉክስም አልገዛም። ሦስት ሳምንት ዞሮ አንድ ዲማክስ አገኘ፤ ባለ 2.5 ሊትር፣ ባለ ቱርቦ፣ ነጠላ ጋቢና። ሻንሲውን በመዶሻ እየመታ ድምፁን በስልክ አሰማኝ። ከመግዣው የተረፈውን ፍሬን፣ ራዲያተርና አራት ጎማ ላይ አዋለው። የግራው በር ገና እንደተጨረማመተ ነው። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት ጭኖ ጣርማበርን ሲወጣ የሙቀት መለኪያው ከግማሽ እንዳላለፈ ደውሎ ነገረኝ።